የመበለቲቱ ሁለተኛ ዓይን

የነፍስ አባቴ ይህን ኃጢአት ያውቁታል እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬአለሁ። አያውቁትም። በየዓመቱ ከፋሲካ በፊት በፊታቸው ተንበርክኬ «አባ፣ ታብያለሁ» እላለሁ፤ እሳቸውም ትዕቢት የሰው ሁሉ ደዌ ነውና የጸሎት ቀኖና ሰጥተው ያሰናብቱኛል። የኃጢአቱን ስም እናገራለሁ፤ ሥራውን እደብቃለሁ። ትዕቢቴ የወለደውን፣ በአንዲት አሮጊት ሴት ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ የፈጸምኩትን፣ እሳቸውም ሆኑ ሌላ ሰው ከእኔ አፍ አልሰሙም። አንባቢዬ፣ እርስዎ የመጀመሪያው ሰው ነዎት። ይፍቱኝ ብዬ ግን አይደለም የምነግርዎ።

ወደ ነገሩ የገባሁት በሥራዬ በኩል ነው። የተወለድኩት አዲስ አበባ፣ ከጣሊያናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ነው። በወጣትነቴ ወደ ሮማ መጥቼ የመንግሥት ሠራተኛ ሆንኩ፤ ጡረታ እስክወጣም የሠራሁት ጥንታዊ ሥዕሎች ከአገር ከመውጣታቸው በፊት በሚመረመሩበት አንድ ጽሕፈት ቤት ነበር። ያረጀ ሥዕል ይዞ ከጣሊያን መውጣት የፈለገ ሰው ሥዕሉን እኛ ዘንድ ያቀርባል። ምሁራን የተሰየሙበት ኮሚሲዮኔ አይቶት ይፈቅዳል፤ ወይም ለአገር ቅርስነት ያስፈልጋል ብሎ ቪንኮሎ ያደርግበታል። ቪንኮሎ ያረፈበት ሥዕል የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል፤ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የጣሊያንን ድንበር ግን አይሻገርም። እኔ ከምሁራኑ አንዱ አልነበርኩም። የኮሚሲዮኔው ጸሐፊ ነበርኩ። የተባለውን እጽፋለሁ፣ ማኅተም አደርጋለሁ፣ ሲጨርሱ መስኮቱን እዘጋለሁ።

ሆኖም እኔም የማውቀው ነገር ነበረኝ፤ አለማሳየቴም ያስከፋኝ ነበር። ከሥዕል ሁሉ የምወደው ኒዮክላሲካል የሚባለውን ነው፤ ሠዓልያን የዘመናቸውን ሞገደኛ አሣሣል ጥለው ወደ ጥንታዊት ግሪክና ሮማ እርጋታ የተመለሱበትን ዘመን። ጀርመናዊው ሠዓሊ ሜንግስ በዚህች ከተማ በአንድ ቪላ ጣሪያ ላይ የሣለውን ለማየት ፈቃድ ለምኜ ገብቻለሁ። ፈረንሳዊው ዳቪድ የሦስቱን ወንድማማች መሐላ እዚሁ ሮማ ተቀምጦ እንደሣለው ለጓደኞቼ ደጋግሜ ስለነገርኳቸው መስማት ሰልችቷቸዋል። ሮማ ኖራ ሮማ የሞተችውን አንጄሊካ ካውፍማንን ግን ከሁሉ አስበልጬ እወዳት ነበር። እነዚህ ሰዎች ኀዘንን እንኳ ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። የሚያለቅስ ሰው ሲሥሉ ጨርቁ በሥርዓት ታጥፎ፣ ፊቱ በጥንት ሳንቲም ላይ እንዳለ መልክ በጎን ተቀርጾ ነው። ሥርዓት ወዳድ ነኝና ይህ ልቤን ይነካው ነበር። ኮሚሲዮኔው ስለነዚህ ሰዎች ሲከራከር እኔ መልሱን እያወቅሁ ብዕሬን ይዤ እቀመጥ ነበር። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

የሐበሻ ስደተኞች ይኖሩበት ከነበረው ከሮማው የቪያ ኩርታቶኔ ሕንፃ ነዋሪዎቹ በፖሊስ ተባረው በወጡ በዓመቱ ወይዘሮ ማርታ ሥዕላቸውን በአንሶላ ጠቅልለው ይዘው መጡ። እንደ እኔ ከጣሊያናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት አዲስ አበባ የተወለዱ፣ ሰባ አምስት ዓመት ያህል የሆናቸው፣ ፒኜቶ በሚባለው የሮማ ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። በጣሊያንኛ ማመልከቻቸውን ስጠይቃቸው ፊቴን ያዩኝ ጀመር።

«አሎራ፣ ይሄን ጣሊያንኛህን ተወውና እንደ ሰው አናግረኝ» አሉ በአማርኛ። «አፍንጫው የአባትህ ነው፤ ግንባሩ ግን የእኛ ነው። ዋሸሁ?»

«አልዋሹም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ያሽኮረምምሃል! ስምህ ማነው?»

«ሮቤርቶ።»

«እሱም የአባትህ ነው» አሉና ሳቁ።

ጉዳያቸውን የነገሩኝ ያኔውኑ፣ ቆመው ነው። ሥዕሉ አባታቸው ከሮማ አዲስ አበባ ወስደውት በእናታቸው ቤት የኖረ ነው። በአብዮቱ ጊዜ ማርታ ወደ ጣሊያን ሲሰደዱ «አስጠግኜ እመልስልሻለሁ» ብለው ከእናታቸው ግድግዳ አወረዱት። የሚያስጠግኑት ግን አልነበረም፤ ቢቸግረኝ እሸጠዋለሁ ብለው ነው። አልሸጡትም፤ አልመለሱትምም። እናታቸው ባዶውን ግድግዳ እያዩ ሞቱ። ማርታም መርዶው በደረሳቸው ቀን ሥዕሉን በእጃቸው ወስደው በቦታው ሊሰቅሉ ተሳሉ። ያን ቤት አሁን የያዙት ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ጽጌ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። የማርታ ምኞት አጭር ነበር፤ ጽጌ በሕይወት ሳሉ ሥዕሉን ይዘው መግባት፣ ከዚያም እዚያው መቅረት።

«ሥዕሉን ሳልይዝ አልሄድም» አሉኝ። «ስለት ነው። ባዶ እጄን በዚያ በር አልገባም።»

ሥዕሉን ፈታሁት። ነጭ የለበሰች ሮማዊት መበለት የባሏን አመድ የያዘ ማሰሮ በደረቷ አቅፋ ቆማለች። ቫርኒሹ በጧፍ ጭስ ጠቁሯል። ልብሱ፣ ማሰሮው፣ የአቋቋሟ እርጋታ ሁሉ የካውፍማንን ሥራ ያስታውሳል፤ ግን የእሷ ሥራዎች በታተመ ምስል በየአገሩ ተሠራጭተው ስለነበር ተማሪ ሁሉ ይገለብጣቸው እንደነበር አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስገረመኝ። የመበለቲቱ ፊት እንደ ዘመኑ ወግ በጎን አልነበረም። ወደ እኛ ዞራለች፤ ሁለት ሰፋፊ ዓይኖቿም በቀጥታ ያዩናል።

ኮሚሲዮኔው በተሰበሰበ ዕለት ሦስቱም ምሁራን ተራ በተራ አዩትና ተስማሙ፤ ከታተመ ምስል የተገለበጠ የተማሪ ሥራ ነው፣ ይውጣ። ሰብሳቢዋ ቀጣዩ ይምጣ አሉ። ሥዕሉን ላነሳ ወደ መስኮቱ ዘወር ሳደርገው ብርሃኑ በጎን መታው፤ በጉንጯ ቀለም ሥር የሌላ አፍንጫ መስመር አየሁ። ሌላ ግንባር፣ ሌላ አገጭ። ከፊቷ ሥር በጎን የምታይ ሴት ነበረች።

መናገር ግዴታዬ አልነበረም። ተናገርኩ።

«ይቅርታ፣ ዶቶሬሳ» አልኳቸው ሰብሳቢዋን። «ይህ ግልባጭ ሊሆን አይችልም። የሚገለብጥ ሰው አሳቡን አይለውጥም። ይህን የሣለ እጅ መጀመሪያ በጎን ጀምሮ ኋላ ፊቱን አዙሮታል።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ሌሎቹም ተከተሉ። ላቦራቶሪ ለመላክ ጊዜም በጀትም አልነበረንም፤ የጠቆረው ቫርኒሽ ደግሞ አሮጌውንና አዲሱን ቀለም አንድ ገጽታ አልብሷቸው ነበር። ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ፤ መጻሕፍት አወጡ፤ እኔን ጠየቁኝ። እኔን! ሰብሳቢዋም ቀና ብለው «ብራቮ፣ ዶቶሬ» አሉኝ። በዚያ ሕንፃ ያን ያህል ዘመን ስሠራ ዶቶሬ፣ ማለትም ምሁር፣ ብሎ የጠራኝ አልነበረም። በማግስቱ ስለ ግኝቱ ለጽሕፈት ቤቱ መጽሔት እንድጽፍ አዘዙኝ። ጻፍኩ። ያ ሁለተኛ ዓይን ሠዓሊዋ የትምህርት ቤቷን ወግ ጥሳ የራሷን ልብ የገለጠችበት ድፍረት ነው አልኩ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሜ ከሥሩ አለ።

ሥዕሉ በካውፍማን ስም ቪንኮሎ ተደረገበት።

እስከዚህ ድረስ በደለኛ ነኝ አልልም። ስቻለሁ፤ ስሕተት ኃጢአት አይደለም። እንዲያውም እኔው ራሴ ሄጄ ላስረዳቸው ብዬ ፒኜቶ ወደ ቤታቸው የሄድኩት በቅን ልቦና ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ለማጽናናት ነበር የሄድኩት ወይስ ግኝቴን ለአንድ ተጨማሪ ሰው ለመተረክ?

ትራሙ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው በሚንቀጠቀጥበት ወጥ ቤታቸው ተቀመጥን። ሻይ ቀዱልኝ። እኔም በፊቷ ሥር ስላለው ፊት፣ አሳቧን ስለ ለወጠችው ሠዓሊ፣ እጃቸው ላይ ስላለው ታላቅ ሀብት አብራራሁላቸው። አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ከዚያ በሳቅ ፈነዱ።

«የምን ሠዓሊ! እማዬ ናት እንጂ!»

«ምን አሉኝ፣ እትዬ ማርታ?»

«ዓይኗን ነዋ! እማዬ ናት ያስጨመረቻት። አባባ ሲያመጣት አንድ ዓይና ነበረች፣ እንደ ይሁዳ። እማዬ ደግሞ እመቤታችን በልጇ መቃብር ናት ብላ ጧፍ ታበራላታለች። አባባ ‹ኧረ ይህቺ አረማዊት ናት› ቢላት ትሰማለች? ‹እመቤቴ በአንድ ዓይን አታየኝም› ብላ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ አስጠራች። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ቆሜ እያየሁ ነው ፊቷን ያዞራት። አባባ ከሥራ ሲገባ አየና ‹ሮማዊቷን አጠመቃችኋት!› ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።»

እኔ አልሳቅሁም። እናቴ በልጅነቴ አዲስ አበባ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ፊት አቁማ፣ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን እንደሚሣል በጣቷ እያመለከተች አስተምራኛለች። ይሁዳን አሳይታኛለች፤ ጌታን የገረፉትን ወታደሮች አሳይታኛለች። በዚያ ኮሚሲዮኔ ውስጥ ያን ዓይን አይቶ የማን እጅ እንደሆነ ሊያውቅ የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነበርኩ። ዓይኑ ለምን እንዳማረኝ፣ ለምን እንደማውቀው ሆኖ እንደተሰማኝ ያን ጊዜ ገባኝ። የካውፍማን ድፍረት ብዬ ያወደስኩት ስሙ ያልተጻፈ የአዲስ አበባ ሠዓሊ እጅ ነበር።

ሳቃቸውን ጨርሰው ዓይናቸውን ጠራረጉ። ቀጥሎም ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ሮቤርቶዬ፣ ይሄ ነገር ይጠቅመኝ ይሆን? ለነዚያ ሰዎች ብትነግርልኝ?»

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በፊት የተረክሁት ሁሉ ወደዚህች ወንበር መምጫ ነበር። የይግባኙ ጊዜ ገና አልተዘጋም፤ ይህንንም ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። የሦስት ደቂቃ ንግግር ይበቃ ነበር። ዶቶሬሳ፣ ተሳስቻለሁ፣ ዓይኑ በቅርብ ዘመን የተጨመረ ነው፣ ከሥሩ ያለው የተማሪ ግልባጭ ነው። ሥዕሉ ይለቀቅ ነበር። ማርታም እህታቸው በሕይወት ሳሉ ይገቡ ነበር።

«አይጠቅምም፣ እትዬ ማርታ» አልኩ። «ውሳኔው አንዴ ካለፈ በኋላ እንዲህ ያለው ነገር አይሰማም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ቫ ቤኔ» አሉ። «አንተ ካልክ። የእኛ ሰው እዚያ ባይኖር ደግሞ ማን ይነግረኝ ነበር?»

ሻይዬንም ጠጣሁ። ይህንንም ልናገረው ይገባል፤ ሻይዬን እስከ መጨረሻው ጠጣሁ።

ለምን? ራሴን ያልጠየቅሁበት ቀን የለም። ዕድገት አላገኘሁበትም፤ ጡረታዬ ደርሶ ነበር። ከሥራ አልባረርም ነበር፤ የጸሐፊ ስሕተት አያስባርርም። የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው እንደ ድሮው «መስኮቱን ዝጋው፣ ሮቤርቶ» እንዲሉኝ አልፈለግሁም። ለዚያ ነው። አንዲትን አሮጊት ከእናቷ ቤት በር የመለስኩት አንድ ቃል እንዳይነጠቅብኝ ነው። ከዚህ የሚከብድ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው እንኳ የሚገባ ምክንያት አለው። እኔ የለኝም።

ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ መጽሔቱ ወጥቶ ነበር። ከወጣ በኋላ መናገር ይበልጥ ከበደ። ሌላ ምሁር ጽሑፌን ጠቅሶ ጻፈ፤ ይበልጥ ከበደ። የይግባኙ ጊዜ ሲዘጋ፣ አልክድም፣ እፎይ አልኩ። እፎይታው ግን አንድ ሳምንት አልቆየም። በሩን ከውስጥ ቆልፌ ቁልፉን በመስኮት የወረወርኩት እኔ ራሴ መሆኔ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ብናገር የስሕተት እርማት መሆኑ ቀርቶ የውሸት መጋለጥ ነበር።

ማርታን በየበዓሉ እጠይቃቸው ነበር። ብርቱካን እወስድላቸዋለሁ፤ የቧንቧ ሠራተኛ እጠራላቸዋለሁ። በሰንበት ቅዳሴ ሮማ ካሉት የሐበሻ መነኮሳትና ደናግል ጋር ቆሜ የሚያየኝ ሰው ሁሉ ደግ ነው ይለኝ ነበር። እሳቸውም ለጎረቤቶቻቸው «የሚረዳኝ ሰው» እያሉ ያስተዋውቁኛል። ወይዘሮ ጽጌ በስልክ «ሥዕሉ ይቅር፣ አንቺ ነይልኝ» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ማርታም «ትንሽ ታገሺ፣ እዚያ የእኛ ሰው አለ» ሲሉ፣ እኔን በእጃቸው እያመለከቱ፣ ሰምቻለሁ። በዚያች ቅጽበት እንኳ አልተናገርኩም። ሌላ ሰው ይህን ቢነግረኝ ምን ዓይነት ልብ ነው እል ነበር። እኔ ግን ያን ልብ ይዤ እራቴን በላሁ።

ጽጌ ሞቱ። ማርታ ለቀብሩ አልሄዱም፤ «ባዶ እጄን አልገባም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ መሄድ አላነሱም። ሥዕሉን ከአልጋቸው ትይዩ ሰቅለው፣ ያች ዓይን እያየቻቸው፣ ሮማ ሞቱ፤ ሮማ ተቀበሩ። ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሥዕሉን የወረሰችው የጽጌ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። «አባባ ሮቤርቶ፣ እትዬ ማርታ ከሞትኩ እሱን ጠይቂ ብለውኛል» አለችኝ። «ስለታቸውን እኔ ልፈጽምላቸው ብዬ ነው። ሥዕሉን ለማስወጣት መንገድ አለ?»

አለ አልኳት። በእርጅናዬ፣ መናገር ድፍረት የሚጠይቅበት ጊዜ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ አለ አልኳት። ለቀድሞው መሥሪያ ቤቴ በፊርማዬ መግለጫ ሰጠሁ። ሁለተኛው ዓይን በአዲስ አበባ እንደተጨመረ ከባለቤቲቱ መስማቴን ገለጽኩ። መቼ እንደሰማሁ አልጻፍኩም። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አልጻፍኩም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እንዲያውም የቀድሞ ሠራተኛ ለእውነት ያሳየው ትጋት ተብሎ ተመሰገንኩ። ሥዕሉ በዚህ ጊዜ ላቦራቶሪ ገባ፤ ያልኩትም ተረጋገጠ።

ሕጉ ግን ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። አንድን ሥራ በቪንኮሎ ሊያስር የሚችለው ከተሠራ ሰባ ዓመት ሲያልፈው ነው። ማርታ በወጥ ቤታቸው የነገሩኝ ቀን ያ ዓይን ሰባ አልሞላውም ነበር። ያኔ ቢነገር ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው እርማት ነበር። በእኔ ዝምታ ውስጥ ሰባን አልፎ አረጀ፤ አርጅቶም ቅርስ ሆነ። ጊዜው ስላለፈ ነው፣ ሕጉ ነው፣ ኮሚሲዮኔው ነው ማለት እችል ነበር፤ እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፍ ኖሬአለሁና አጻጻፉን አሳምሬ አውቀዋለሁ። አልጽፈውም። ያሰረው እኔ ነኝ፤ ፊተኛውንም ኋለኛውንም።

ኮሚሲዮኔው ሥዕሉ የአንጄሊካ ካውፍማን አለመሆኑን ተቀብሎ ስሟን ሰርዟል። ይሁን እንጂ አንድ ኢትዮጵያዊ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ በሮማ ኒዮክላሲካል ሥዕል ላይ እጁን ያሳረፈበትና ሁለት የአሣሣል ሥርዓቶች በአንድ ፊት የተገናኙበት፣ አቻው ያልተገኘ ሥራ ሆኖ ስላገኘው፣ የወራሿን ጥያቄ ውድቅ አድርጎ ሥዕሉ ከጣሊያን እንዳይወጣ በአዲስ ቪንኮሎ አስሮታል። ውሳኔው የተፈረመው ዘንድሮ፣ መጋቢት አራት ቀን ነው።